ሞተሩ ደህና ነው፣ ያለቀው ጎሚኒው ነው

መኪናዋ ሊፍት ላይ ወጥታለች፤ አራቱም ጎማዎቿ ተንጠልጥለዋል። መካኒኩ ረጅም የብረት ዘንግ በፊተኛው የታች ክንድና በሻንሲው መሀል ሰክተው ጫን አሉት። ክንዱ የእርሳስ ውፍረት ያህል ወደ ጎን ሸሸ። ሲለቁት «ጓ!» ብሎ ተመለሰ። ደግመው ጫኑት፤ ደግሞ «ጓ!» አለ።

«ሰማህ?» አሉ ዓይናቸውን ከክንዱ ሳይነቅሉ።

«ሰማሁ ጋሼ» አለ ባለመኪናው። «እኔ ግን ካምቢዮው መስሎኝ ነበር። ማርሽ ወደ ኋላ ሳስገባ ነው እኮ በጣም የሚመታው።»

«ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ሞተሩም ደህና ነው። ያለቀው ጎሚኒው ነው።»

ጋራዡ ያለው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የአገር ልጆች፣ መኪኖቹም አብዛኞቹ ቶዮታዎች ናቸው። ስለዚህ ይቺ በወፍራም ክሮም የተከፈፈች፣ ከፊት ሁለት ሁለት መብራት ከላይና ከታች የደረደረች የ1966 ፖንቲያክ ጂቲኦ እዚህ እንግዳ ናት። ዘይት ሊያስቀይር የመጣ ባለታክሲ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሳያነሳት አይሄድም። ፎቶ የሚያነሳው ግን ከላይ ያለውን ነው። ከስር ያለውን ማንም አያየውም።

ይቺን መኪና ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ በሥሩ ያሉት ድርጅቶች ሁሉ ከመኪና እሽቅድድም እንዲወጡ አዘዘ። ስሙን በእሽቅድድም የገነባው ፖንቲያክ ባዶ እጁን ቀረ። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያን ከባልደረቦቹ ከቢል ኮሊንስና ከረስ ጊ ጋር ሆኖ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። ቴምፔስት በምትባለው መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ላይ የሚገጠመው ሞተርና ለትልልቆቹ መኪኖች የሚሠራው 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በውጭ መጠናቸው አንድ ናቸው። ትልቁ በትንሹ ቦታ ልክክ ብሎ ይገባል። ችግሩ መመሪያው ነበር፤ መካከለኛ መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገጠምለት ኩባንያው ከልክሏል። እነሱም ጂቲኦን አዲስ መኪና ብለው አላቀረቧትም። የ1964ቷ ቴምፔስት ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት አማራጭ አድርገው አሾለኳት። 5,000 ያህል ትሸጣለች ተብሎ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። በ1966 ራሷን የቻለች ሞዴል ስትሆን ደግሞ ሽያጩ 96,946 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል የተሸጠችበት ዓመት የለም። አሜሪካውያን «መስል ካር» የሚሉት ዘመን የተጀመረው በዚህች መኪና ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይነሳም።

እንግዲህ የ1966ቷ ጂቲኦ ከፋብሪካ ስትወጣ 335 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከስር ያለው አካሏ ግን ያው የቤተሰቡ ቴምፔስት ነው፤ ሞላውና አሞርዛተሩ ጠንከር ተደረጉ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ያ ሁሉ ጉልበት መንገዱን የሚነካው በመዳፍ በምትያዝ ላስቲክ በኩል አልፎ ነው። ባለመኪናው መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ካርቡራተሯን አሳድሷል፣ ክሮሟን አስነክሯል፣ ቀለሟን አስቀብቷል። ከብረትና ብረት መሀል ያለችውን ላስቲክ ግን የነካት የለም። ብዙ የአሮጌ መኪና ወዳጆች እንዲሁ ናቸው፤ ገንዘባቸው የሚሄደው ሰው ወደሚያየው ነው።

ጎሚኒ ሲታይ ተራ ነገር ነው። ውስጡ ብሎን የሚያልፍበት ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ውጩ ከክንዱ ጋር ተጠብቆ የሚገባ ሰፊ የብረት ቀለበት፣ መሀሉ ላስቲክ። ጎማው ጉድጓድ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ክንዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ታዲያ ክንዱ ሻንሲው ላይ በሚታሰርበት ቦታ የግድ መዞር አለበት። ብዙ ሰው ጎሚኒው እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ይመስለዋል። አይሽከረከርም። የውስጡን ቱቦ ብሎኑ ሻንሲው ላይ ጠፍሮ ይይዘዋል፤ የውጩን ቀለበት ክንዱ ይይዘዋል፤ የሚዞረው መሀል ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። እየተጠመዘዘ ይሄዳል፣ እየተፈታ ይመለሳል። ለዚህም ነው ግራሶ የማያስፈልገው። ይህችን ነገር ያዝዋት፤ በኋላ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ሆና ትመጣለች።

ጂቲኦ ላይ እንዲህ ያሉ ጎሚኒዎች 16 ናቸው። ከፊት በእያንዳንዱ ጎን አንድ የላይና አንድ የታች ክንድ አለ፤ እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ጎሚኒ ይይዛል፤ ስምንት። ከኋላም አክስሉን የሚይዙት ክንዶች አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከታች ቀጥ ብለው፣ ሁለቱ ከላይ ሰያፍ ሆነው። በየጫፋቸው አንድ አንድ ጎሚኒ አለ፤ ሌላ ስምንት። ሼቭሮሌት ሼቬል፣ ኦልድስሞቢል ካትለስና ቢዊክ ስካይላርክም በዚያ ዘመን ከጂቲኦ ጋር አንድ ዓይነት አካል ይጋሩ ነበር። ይህም ለባለመኪናው በጅቷል። ጄኔራል ሞተርስ ፖንቲያክን በ2010 ዘግቶታል፤ ጎሚኒውን ግን እስከ ዛሬ አስመስለው የሚሠሩ ድርጅቶች ስላሉ ከአራት አዲስ ጎማ ባነሰ ዋጋ ሙሉው ይገኛል።

ላስቲክ ለምን ይሞታል? ቻርለስ ጉድዪር በ1839 የጎማ ዛፍ ሙጫን ከድኝ ጋር አሙቆ በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰነጠቅ ነገር እስኪያገኝ ድረስ ላስቲክ ለከባድ ሥራ አይታሰብም ነበር። (በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ነው፤ ሰውየውም ቤተሰቡም እጃቸው የለበትም። እሱ በ1860 የሞተው ዕዳ ውስጥ ሆኖ ነው።) ድኙ የላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራል። ያ ትስስር ግን ዘላለማዊ አይደለም። ኦክስጅን ላስቲኩን ያደርቀዋል፤ አየር ውስጥ ያለው ጥቂት ኦዞን የተወጠረውን ገጽ ይሰነጥቀዋል፤ የሞተር ዘይት ከነካው ያብጥና ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ መኪና ስላልተነዳ ጎሚኒው አዲስ ሆኖ ይቆያል ማለት አይደለም። በሸራ ተሸፍና፣ በአንድ ቦታ ለዓመታት የቆመች መኪና ላስቲኳ በአንድ አቅጣጫ እንደተወጠረ ይደርቃል። ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር አነበበ ብሎ የሚኩራራ ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ ቀስ ብለው ስለሚመጡ ግን ሾፌሩ ይለምዳቸዋል። መሪው መሀል ላይ ሰነፍ ይሆናል፤ ሰፊ መንገድ ላይ መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትቅበዘበዛለች። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትስባለች፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያለው ክንድ ወደ ኋላ ይሸሻልና። ጎማው በውስጥ ወይም በውጭ ጠርዙ ብቻ ይበላል፤ አላይመንት ተሠርቶ ከርሞ ሳይሆን ሰንብቶ ይበላሻል። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር አክስሉ ስለሚንከባለል ያለቀው የኋላ ጎሚኒ «ጓ» ይላል። ባለመኪናው ካምቢዮ ያለው ይህንን ነበር። ለካምቢዮ ሊያወጣ ያሰበው ገንዘብ ኪሱ ቀረ።

ሥራው ከፊት ጀመረ። መካኒኩ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ያደረጉት ነገር ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ነው። የላይኛው ክንድ ዘንግ ሻንሲው ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ በዘንጉና በሻንሲው መሀል ደግሞ ስስ ስስ ብረቶች ተደራርበው ይገባሉ። የጎማውን ዘንበልታ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። የትኛው ብሎን ላይ ስንት ብረት እንደነበረ ካልተጻፈ መኪናዋ ወደ አላይመንት ቤት እንኳ በሥርዓት አትደርስም። አራቱንም ክምር ለየብቻ በሽቦ አስረው «የግራ ፊት»፣ «የግራ ኋላ» እያሉ ጻፉባቸው።

ቀጥሎ ያለው ሰው የሚሞትበት ክፍል ነው። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የፊት ሞላው በታችኛው ክንድና በሻንሲው መሀል ተጨምቆ ይቀመጣል፤ መኪናዋ ቆማ ሳለ ከግማሽ ቶን የሚበልጥ ኃይል ይዟል። ክንዱን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ባለኳስ መጋጠሚያ በድንገት ቢለቅ ያ ሞላ እንደ መድፍ ጥይት ይወጣል። ስለዚህ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር ይደገፋል፤ ሞላው በማጨመቂያ መሣሪያ ይያዛል፤ ለበለጠ ጥንቃቄም በሰንሰለት ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። የመጋጠሚያው ዳዶ ጥቂት ዙር ይላላል እንጂ አይወጣም። ከዚያ የጎማው ተሸካሚ ጆሮ ላይ በመዶሻ ደህና አድርጎ መምታት ነው። ሾጣጣው እግር «ጧ» ብሎ ሲላቀቅ ያልወጣው ዳዶ ይይዘዋል። መካኒኩ ባለመኪናውን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ከሞላው ፊት አራቁት። ምንም አላሉትም፤ እሱም አልጠየቀም። ክሪኩን በዝግታ፣ በዝግታ አወረዱት። ሞላው ተዘርግቶ በእጅ የሚወጣ እስኪሆን ድረስ ጋራዡ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ክንዶቹ ሞርሳ ላይ ሲወጡ የጎሚኒዎቹ መልክ ገሃድ ወጣ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቅ ጭቃ ይፈረፈራል፤ አንዱ ላይ የውስጡ ቱቦ ከመሀል ሸሽቶ የውጩን ቀለበት ነክቷል። ብረት ብረትን ሲፈጭ የኖረበት ቀይ የዝገት ዱቄት ዙሪያውን አለ።

አሮጌውን ጎሚኒ ለማውጣት ፈጣኑ መንገድ በእሳት ማቃጠል ነው። ላስቲኩ በጥቁር ጭስ ይነዳል፣ ቱቦው ይወድቃል። መካኒኩ ይህን አይወዱም፤ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ሰፈሩም ይከፋል። በድሪል ላስቲኩን ዙሪያውን በሱት፣ የውስጡን ቱቦ አወጡት፣ ከዚያ የሰጌቶ ምላጭ አስገብተው የውጩን ቀለበት ከውስጥ በኩል ሰነጠቁት። ክንዱን ሳይነኩ ቀለበቱን ብቻ መሰንጠቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዴ ከተሰነጠቀ ግን በመሮ ተጠቅልሎ ይወጣል።

አዲሱን ለማስገባት ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ክንዱ ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ነው፤ ጎሚኒውን የሚይዙት ጆሮዎች ፕሬስ ሲያርፍባቸው ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። ስለዚህ በሁለቱ ጆሮዎች መሀል በልኩ የተቆረጠ ወፍራም የብረት ቱቦ ይገባል። ግፊቱም በውጩ ቀለበት ከንፈር ላይ እንጂ በላስቲኩ ወይም በውስጡ ቱቦ ላይ መሆን የለበትም፤ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ገና ሳይሠራ ይላቀቃልና።

ከኋላው ሲደርሱ ክርክር ተነሣ። ባለመኪናው ሳጥን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሲከፍተው ውስጡ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ይሻላል ሲሉኝ ነው የገዛሁት። አያልቅም፣ ዘይት አይጎዳውም፣ መኪናውንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል።»

«ሁሉም እውነት ነው» አሉ። «ከፊት ብታስገባው አልቃወምህም። ይጮህብሃል፣ መንገዱን ሁሉ ወንበርህ ድረስ ያመጣልሃል እንጂ ይሠራል። ከኋላ በላይኞቹ ላይ ግን አላስገባም።»

ምክንያቱ ከመኪናዋ አሠራር የሚመጣ ነው። ጂቲኦ ከኋላ ባሌስትራ የላትም፤ አክስሉ የተቀመጠው በተጠማዘዘ ሞላ ላይ ነው። ባሌስትራ አክስሉን ራሱ ቦታው ላይ ይይዛል፤ ሞላ ግን ክብደት ከመሸከም ሌላ ምንም አያደርግም። አክስሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይንሸራተት የሚከለክሉት እነዚያ ሰያፍ የላይኛ ክንዶች ብቻ ናቸው። አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ይዘነበላል፤ ያኔ ሰያፎቹ ክንዶች ከፍ ዝቅ ከማለት አልፈው በራሳቸው ዙሪያ መጠምዘዝ አለባቸው። ላስቲክ ይህን በየአቅጣጫው ይፈቅዳል። ጠንካራው ፖሊዩሬቴን አይፈቅድም፤ ክንዱ ይታነቃል። የታነቀ ክንድ ኃይሉን ወደ ማሰሪያው ያስተላልፋል፤ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ኋላዋ በመታጠፊያ ላይ በድንገት ይለቃል። ለእሽቅድድም በኳስ መጋጠሚያ የሚሠሩ ክንዶች አሉ፤ እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለመንገድ መኪና ግን የኔም ፍርድ ከመካኒኩ ጋር ነው፤ በ1966 የነበሩት መሐንዲሶች ላስቲክ የመረጡት ሌላ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ቀዩ ሳጥን ተከድኖ ጥግ ያዘ፤ አሥራ ስድስቱም ላስቲክ ሆኑ።

የኋላ ክንዶች አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። ሁለት ሦስቱን በአንዴ ያወጣ ሰው አክስሉ ተንከባልሎበት ብሎን ከቀዳዳ ለማገናኘት ሲታገል ይመሻል። ሁለቱ የላይኛ የኋላ ጎሚኒዎች ደግሞ ክንዱ ላይ ሳይሆን ራሱ የዲፍረንሻሉ ቤት ጆሮዎች ውስጥ ስለሆኑ ወደ ፕሬስ አይሄዱም። ረጅም ባለጥርስ ዘንግ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና ልካቸው የተቆረጠ የቱቦ ቁራጮች ተደርድረው፣ ዳዶው ሲጠብቅ አሮጌው እየተሳበ ይወጣል፤ አዲሱም በዚሁ መንገድ ይገባል። አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው ከመኪና ሥር ሆኖ የሚሠራ፣ ዝገት ዓይን ውስጥ የሚገባበት አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ሁሉም ክንድ ቦታው ገባ። ሁሉም ብሎን ተጠለፈ፤ ግን አልጠበቀም። ባለመኪናው ቁልፉን አንሥቶ ሊያጠብቅ ሲል መካኒኩ እጁን ያዙት።

«ገና ነው። መጀመሪያ በእግሯ ትቁም።»

ቅድም ያዝዋት ያልኳት ነገር እዚህ ትመጣለች። ጎሚኒው አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ነው የሚጠመዘዘው። መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች ክንዶቹ ወደ ታች ወድቀዋል። በዚያ ሁኔታ ብሎኑ ቢጠብቅ የውስጡ ቱቦ እዚያው ይታሰራል። ከዚያ መኪናዋ ስትወርድ ክንዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ላስቲኩም ገና ከጋራዥ ሳይወጣ እንደታጠበ ልብስ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማ ስታድር እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል። ጉድጓድ ሲመጣ ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል፤ ብዙ ሳይሄድም ይቀደዳል። መኪናዋም ከልኳ ከፍ ብላ ትቆማለች። ሰው ደግሞ «አዲሱ ጎሚኒ ጥራት የለውም» ብሎ ፋብሪካውን ይረግማል።

መኪናዋ ክብደቷ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ሆኖ መካኒኩ ከሥሯ መሥራት በሚችሉበት ከፍታ ቆመች። ከፊትም ከኋላም ደጋግመው ጫን ለቀቅ አደረጓት፤ ሞላዎቹ በትክክለኛ ቦታቸው እንዲያርፉ። ከዚያ ብቻ ልክ በሚያሳየው ቁልፍ፣ በመጽሐፉ የተጻፈው መጠን ላይ «ጠቅ» እስኪል፣ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ጠበቁ።

አላይመንቱም እንደ ድሮው አልተመለሰም። ጂቲኦ ስትሠራ የተገጠመላት ጎማ ክሮቹ በሰያፍ የተደረቡ የድሮው ዓይነት ነበር፤ ዛሬ የተገጠመላት ራዲያል ነው። ራዲያል ጎማ የመሪው ምሰሶ ከላይ ወደ ኋላ ይበልጥ ጋደል ሲልለት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በሽቦ የታሰሩት ስስ ብረቶች መነሻ ሆኑ እንጂ መድረሻ አልሆኑም፤ የአላይመንቱ ባለሙያ በፊትና በኋላ ብሎኖቹ ላይ ያሉትን ብረቶች መሣሪያው እንዳሳየው እየቀነሰና እየጨመረ አስተካከለ።

መንገድ ላይ ስትወጣ ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ አንድ ፈረስ አልተጨመረለትም። ባለመኪናው ግን ፍሬን ሲይዝ መሪውን በአንድ እጅ ብቻ ነበር የያዘው። ማርሽ ወደ ኋላ ሲያስገባም ምንም አልተሰማም።

ይህ የአሜሪካ አሮጌ መኪና ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በኮብልስቶንና በጉድጓድ የምትንገላታዋ ኮሮላ የፊት ክንዷ ላይ ያለው ጎሚኒም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የሚያረጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያገለገለ ክንድ ከነጎሚኒው ስትገዙ ብረቱን ብቻ ሳይሆን የላስቲኩን ዕድሜም አብራችሁ ገዝታችኋል፤ ቢያንስ ጎሚኒውን በአዲስ ለውጡት። የትም አገር ብትሆኑ፣ ጎሚኒ ካስቀየራችሁ ከጋራዡ ከመውጣታችሁ በፊት መካኒኩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ያጠበቅከው መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ ነው ወይስ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ? ክሪክ ላይ ሳለ ነው ካላችሁ፣ ብሎኖቹን አስላሉ፣ መኪናውን በእግሩ አስቁሙ፣ እንደገና አስጠብቁ። የደቂቃዎች ሥራ ነው።